ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠችው ኢክራም

ኢክራም ማረፏን የሰማሁት ዋርሳማ በስልኬ ከላከልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ዋርሳማ ለረጅም ዘመን የመጋዘን ኃላፊ የነበረ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ በጂቡቲ ከተማ ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር ከልጆቹ ጋር የሚኖር ሶማሌ ወዳጃችን ነው። አማርኛውን የተማረው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ መርዶ ሲያረዳ እንኳ ቃላቱ የጎዳና ናቸው። «ኢክራም ሄደች። ድሬ ነው ያረፈችው፤ ትናንት ቀብረዋታል» ይላል። ቀጥሎ በዝግታ ጸሎት አደረሰላት። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አሰማና «ያቺ ኮምፒውተር!» ብሎ ዘጋው።

በዚያ ጠዋት ከአንድ የመድን ድርጅት ሠራተኞች ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። እነርሱ አዲስ ሶፍትዌር ሊያሠሩ አስበዋል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቆ፣ አጣርቶ መጻፍ ነው። ቀጠሮውን መሰረዝ እችል ነበር። ግን ይህን ሥራ ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ በእርሷ ሞት ምክንያት ማስቀረቱ የሚያስደስታት አልመሰለኝም። ሄድሁ፣ ጠየቅሁ፣ ጻፍሁ። ስመለስ ግን መንገዴን ለውጬ ባሕሩ ዳር ባለው በሄሮን ሰፈር በኩል አለፍሁ። ቢሯችን የነበረበት ባለ እንጨት መስኮት አሮጌ ቤት ታድሶ የጥርስ ሕክምና ቤት ሆኗል። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤ በጭቃው ላይ ወፎች ይለቅማሉ። ጥቂት ቆሜ ሄድሁ።

ጂቡቲ ስመጣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬንና ለዲግሪዬ የነበረኝን ከፍ ያለ አክብሮት ይዤ ነበር። ፈረንሳይኛዬ የመማሪያ መጽሐፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሶማልኛና ዓፋርኛ ጭራሽ አላውቅም። ኢክራም የቀጠረችኝ ከደንበኞቿ ብዙዎቹ የድሬዳዋና የሐረር ነጋዴዎች ስለሆኑና በአማርኛ አጥርቶ የሚጽፍላት ሰው ስለፈለገች ነው። እርሷ ራሷ ከሐረር ነጋዴ ቤተሰብ ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ጂቡቲ አድጋ፣ ፈረንሳይ አገር ኢንፎርማቲክ የሚሉትን የኮምፒውተር ትምህርት ተምራ የተመለሰች ሴት ናት። እኛ ቢሮ ፕሮግራም አይጻፍም ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። እኛ ከእነርሱ በፊት እንሄዳለን። የደንበኛው ቤት እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያመው፣ ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ እንዳለበትና እንደሌለበት አጥንተን፣ በዚህ ከተማ ካዬ ደ ሻርዥ የሚባለውን የፍላጎት ሰነድ እናዘጋጃለን።

የመጀመሪያ ቀን «ወይዘሮ ኢክራም፣ እርስዎ እንደሚያውቁት…» ብዬ ስጀምር እጇን አነሣች።

«እርስዎ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አቦ! እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። አንቺ በይኝ። አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

አዲስ አበባ ላደግሁ፣ ታላቅን አንተ ማለት እንደ ጥፊ ለሚሰማኝ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። አንቺ ማለቱን በጊዜ ለመድሁት። ሽማግሌዎችንና ሐጂዎችን፣ የመሥሪያ ቤት አለቆችንም ሳይቀር አንተ ስትል መስማቱን ግን እስከ መጨረሻው አልለመድሁትም። ደግሞ አንድም ሰው ሲቀየማት አላየሁም።

ረጅም፣ ቀጭን ነበረች። የምትለብሰው ዲራ የሚባለውን የአገሩን ስስ ሰፊ ቀሚስ ነው፤ ከዲራው ጋር የማይሄድ ትልቅ የወንድ ሰዓት ታስርበታለች። ስትሰማ ፍጹም አትንቀሳቀስም። ሰው እያወራ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ግን ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ «ዕቃ የምናወጣው ሁልጊዜ ቀድሞ ከገባው ነው» አላት። ብዕሯን አስቀመጠች። «ያልሆነበትን ቀን ንገረኝ» አለችው። ሰውየው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ጀመረና ከኢትዮጵያ የሚመጣው የቀትር ጫት ከተማው እስኪገባ ድረስ ያልሆኑባቸውን ቀናት ሲተርክ አረፈደ። ስንወጣ «እስካሁን ‘ሁልጊዜ’ የሚባል ቀን በካላንደር ላይ አላየሁም» አለችኝ።

ሥራ በጀመርሁ ሰሞን በጥንቃቄ ያዘጋጀሁትን መጠይቅ አሳየኋት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከአዲሱ ሶፍትዌር ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። የእጅ ጽሑፌን አደነቀችና ጥያቄውን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ሰው ምን ትፈልጋለህ ሲባል ጎረቤቱ ያለውን ነው የሚነግርሽ። ትናንት ስትሠራ የዋልከውን አጫውተኝ በይው።»

ይህ ሁሉ የእርሷ መልክ ነው። ነገር ግን ኢክራምን ለማያውቅ ሰው ማን እንደነበረች የምናገር ከሆነ፣ የሐጂ ዑመርን ቤት ነገር ከመናገር ሌላ መንገድ የለኝም።

ሐጂ ዑመር የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ዕቃ ተቀብለው ጂቡቲ ባለው መጋዘናቸው ያስቀምጣሉ፣ በመኪና ጭነው ይልካሉ። በመጋዘኑ አንድ ሥርዓት ነበር፤ ዕቃ ሊወጣ ሲል ቦን የሚባል የመውጫ ወረቀት ይጻፋል፣ ሐጂ ቦኑን አይተው በኮት ኪሳቸው የሚይዙትን ማኅተም ያሳርፉበታል፣ ከዚያ ዋርሳማ በሩን ይከፍታል። ያለ ማኅተም አንዲት ጆንያ አትወጣም። ልጃቸው ነስረዲን ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ ሥራውን ከአባቱ ጋር ይመራ ነበር። ወደ ቢሯችን የመጣውም እርሱ ነው።

«ኢክራም፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አባቴ ሶላት ላይ ከሆነ መኪናው ይቆማል። ከተኛ መኪናው ይቆማል። እንግዳ ከመጣበት ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ይበታተናሉ። ሕጉን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ማኅተሙን ኮምፒውተሩ ይተካው።»

«ሐጂስ?»

«ይረፋ! ስንት ዘመን ለፋ።»

«ልረፍ ብሎሃል?»

ነስረዲን መስኮቱን ተመለከተ። «እንዴት ይላል?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ እንጂ የምለው።»

በማግስቱ ሐጂን አነጋገርናቸው። ፈቃዳቸውን ለመስጠት ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ የልጃቸው ፍላጎት ተቃራኒ ነበር። «ኮምፒውተር አልጠላሁም። ሥሩልኝ። ግን እኔ ሳላየው አንድ ዕቃ እንዳይወጣ አድርጋችሁ ሥሩት» አሉ። ልንወጣ ስንል ኢክራምን በእጃቸው ጠሯት፤ እኔም በሩ ላይ ስለነበርሁ ሰማሁ።

«ልጄ ቤት ዋል ይለኛል። ለደግ ብሎ ነው፤ አውቃለሁ። ጓደኞቼም ልጆቻቸው ለደግ ብለው ቤት አዋሏቸው። ከዚያ በኋላ ያየኋቸው በቀብራቸው ነው።»

ቢሮ ተመልሰን በተማርሁት መሠረት ሁለቱን ፍላጎቶች ጎን ለጎን ጻፍኋቸው። እርስ በርስ ይቃረናሉ። የሚቃረኑ ፍላጎቶች አንድ ሰነድ ውስጥ ሊኖሩ ስለማይችሉ አንዱ መሰረዝ እንዳለበት ለኢክራም ነገርኋት።

«የትኛውን ልትሰርዢ ነው?» አለችኝ። «ልጁን ወይስ አባቱን?»

በማግስቱ ጠዋት ትልልቅ አበባ ያለበት የአልጋ አንሶላ በክንዷ ይዛ መጣች። «ኮምፒውተሩ ከመሠራቱ በፊት እኔ ኮምፒውተር ልሁን» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ነበር።

አንሶላውን በመጋዘኑ ቢሮ ጥግ፣ በገመድ ላይ ዘረጋነው። ኢክራም ከጀርባው ተቀመጠች፤ እኔ ከጎኗ። ሕጎቹን ነስረዲን ጽፎ ሰጥቶናል፤ ዕቃው ተቀማጭ መሆኑ፣ የጉምሩክ ወረቀቱ መሟላቱ፣ ቦኑ ላይ የተጻፈው ሰሌዳ ከመኪናው ሰሌዳ ጋር መመሳሰሉ፣ ሌላም ሌላም። ዕቃ የሚያወጣ ሰው ቦኑን በአንሶላው ሥር ያስገባል። ሕጉ ከተሟላ ኢክራም «ይውጣ» ብላ ትጽፋለች፤ ካልተሟላ የጎደለውን ትጽፋለች። ወረቀቱን መልሼ የማወጣው እኔ ነበርሁ፤ ሾፌሮቹ ወዲያው ስም አወጡልኝ፣ ፕሪንተር። የጨዋታው ብርቱ ሕግ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት አያይም፣ ድምፅም አይሰማም። ሐጂ «ለሙከራ ከሆነ» ብለው ማኅተማቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው፣ በር ላይ ባለው ጥላ ሥር ወንበራቸውን አስወጥተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው መጪ ዋርሳማ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንሶላውን አነጋገረው።

«ነበድ፣ ኢክራም! ነበድ ምያ? እናትሽ ደህና? ሙቀቱ እንዴት ነው እዚያ ውስጥ?»

ዝም አለች። ዋርሳማ በአንሶላው ጫፍ ወደ እኔ አየ።

«ታማለች እንዴ?»

«አልታመመችም። ኮምፒውተር ናት።»

«ኮምፒውተርስ ብትሆን! ሰላም ብዬ ዝም የሚለኝ ጠብ ያለው ሰው ነው። ምን አደረግኳት?»

ተቀየመና ቦኑን ይዞ ሄደ። ኢክራም የዲራዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨምራ ሳቋን ስትታገል ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከቀትር በኋላ ዋርሳማ ቤት ሄዳ ይቅርታ እንደጠየቀች ሰማሁ። ጨዋታውን ሦስት ጊዜ አስረድታው፣ እርሱም «እሺ፣ ግን ሰላምታውን እኔ አልተውም» ብሎ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መጥቶ አንሶላውን ሙሉ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ የራሱን መልስ ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ ቦኑን ያስገባል።

በሁለተኛው ቀን የተሸነፈችው ራሷ ኢክራም ናት። እናቱ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው ሰፈር የሚነግዱና ኢክራምን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቁ፣ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ቦኑን አስገባ። አንድ የጉምሩክ ወረቀት ጎድሎት ነበር። እንደ ዋዛ «እናቴ ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷ ተሽሏት ሶላት ቆማ መስገድ ጀምራለች» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አንሶላው።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ «ሰማችኝ! ኮምፒውተሯ ሰማችኝ!» እያለ ይዘላል። ኢክራም አንሶላውን ገልጣ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። ለካ የጎደለውን ወረቀት ረስታ «ይውጣ» ብላ ጽፋለት ነበር። «የዛሬው ይሰረዝ» አለች። «ኮምፒውተሩ እናቱን ያውቃታል። ከነገ እንደገና እንጀምራለን።»

እንደገና ጀመርን። አሁን ሁሉም ለመደ፤ ቦን ይገባል፣ ቦን ይወጣል፣ መኪና ይሄዳል። በበሩ ላይ የነበረው ሰልፍ ቀጠነ። ነስረዲን ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ለሾፌሮቹ ቀዝቃዛ ውኃ ያስመጣ ነበር። እኔም በልቤ ከእርሱ ጋር ነበርሁ፤ ሕጉ ግልጽ ነው፣ ሥራው ፈጥኗል፣ የሚቃረነው የሐጂ ፍላጎት በራሱ ጊዜ የሚወድቅ መሰለኝ።

አንድ ቀን እቤት ልንሄድ ስንል ኢክራም «ዛሬ ሐጂን ያናገረው ማነው?» አለችኝ።

አሰብሁ። ሾፌሮቹ በፊት ማኅተም ሲጠብቁ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ መንገዱ፣ ስለ ድንበሩ የደወሌ ኬላ፣ ስለ ድሬ ዝናብ ያወሩላቸው ነበር። አሁን «አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ» ብለው በሩጫ ያልፋሉ።

«ማንም» አልሁ።

«እኔም ከውስጥ ሆኜ ያልሰማሁት ድምፅ እሱ ነው» አለች።

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሽፈራው የሚባል የድሬ ሾፌር መጣ። የሚጭነው ቴምር ነው። የድሬዳዋው ነጋዴ ቴምሩን ለመጀመሪያው ማፍጠሪያ ይጠብቃል። ከቀትር በፊት ካልወጣ ኬላ ላይ ያድራል፤ ኬላ ላይ ካደረ የመጀመሪያው ማፍጠሪያ አለፈ ማለት ነው። ሽፈራው ቦኑን በአንሶላው ሥር ሰደደ። ኢክራም አየችው፤ እኔ ውጭ ወጥቼ ሰሌዳውን አንብቤ ተመለስሁ። አይመሳሰልም። የሽፈራው መኪና መንገድ ላይ፣ አሊ ሳቢህ ከተማ ተበላሽታ የሌላ ሰው መኪና ተውሶ ነበር የመጣው።

«ሰሌዳው አይመሳሰልም» ብላ ጻፈች። ሰጠሁት።

«አቦ ኮምፒውተር! መኪናዬ ሞታ ነው! በልጆችሽ!»

ቦኑን መልሶ አስገባ። «ሰሌዳው አይመሳሰልም።»

«ፕሪንተር፣ አንቺ እንኳ ንገሪያት! አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ፣ ታዝኛለሽ።»

ሌሎቹ ሾፌሮች ተሰበሰቡ፤ አንዱ ግጥም ይገጥማል፣ ሌላው «ጉቦ ብርቱካን ስጣት» ይላል። ነስረዲን መጀመሪያ ከሳቂዎቹ አንዱ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የድሬው ነጋዴ ነበር። እያዳመጠ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መጥቶ አንሶላው ፊት ቆመ።

«ኢክራም፣ እኔ ነኝ። አሳልፊው።»

ኢክራም ወረቀት ሳበች። ላብ ከግንባሯ ብዕሯ ላይ ይንጠባጠባል። በጆሮዋ «አሳልፊው፤ ባለቤቱ እኮ ነው» አልኋት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ጻፈች። «ሰሌዳው አይመሳሰልም።»

«እኔ ነስረዲን ነኝ!»

«ሰሌዳው አይመሳሰልም።»

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ!»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ይህ ሕግ በከንቱ የተጻፈ አልነበረም፤ በሌላ መኪና የወጣ ዕቃ ደብዛው የጠፋበት ጊዜ ነበረና። ነስረዲን ዞሮ ሽፈራውን አየው፤ ሊያምነው ፈልጓል፣ ግን የሚያምንበትን መንገድ አያውቅም። ያኔ ሐጂ ዑመር ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

ሽፈራው ነገራቸው። ሐጂ ስለ ሰሌዳው ምንም አላሉም።

«መኪናህ ምኗ ተሰበረ?»

«ካምቢዮዋ።»

«የማንን ተዋስክ?»

«የአብዱረሂምን። የድሬ ቀፊራውን።»

ሐጂ የአብዱረሂምን ስልክ አስደወሉ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጾሙ ዝግጅት ጠየቁት። ከዚያ በዚያው ድምፅ «መኪናህ የኋላ በሯ እንዴት ነው የሚዘጋው?» አሉት። አዳመጡና ወደ ዋርሳማ ዞሩ። «ሂድ፣ የኋላ በሯን አይተህ ና።»

ዋርሳማ ተመልሶ መጣ። «በሰማያዊ ገመድ ነው፣ ሐጂ። መቀርቀሪያው የለም።»

«አብዱረሂም ያለኝም ይህንኑ ነው። ይውጣ» አሉ ሐጂ። «በእኔ ስም።» እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ።

«ሐጂ! ቆይ!»

ኢክራም ናት። አንሶላውን ገልጣ ወጥታ ፊታቸው ቆመች፤ ዲራዋ በላብ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል።

«ይህ መኪና ድሬ ባይደርስ ተጠያቂው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ትናንት የወጡት ባይደርሱስ?»

«የትናንቶቹማ ወረቀታቸው ሙሉ ነው። ለእነርሱ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ሐጂ የተናገሩትን መልሰው የሰሙት ይመስሉ ነበር። ለብዙ ዓመታት በእያንዳንዱ ቦን ላይ ያሳረፉት ማኅተም፣ በእውነት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ለሚመጣ አንድ ቦን መሆኑን ከራሳቸው አፍ ሰምተውታል። ነስረዲንም ሰምቶታል። ኢክራም ገመዱን ፈትታ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች።

ሽፈራው ሞተሩን አስነሥቶ በመስኮት ብቅ አለ። «ኮምፒውተር! ቴምሩን ስትበዪ አስታውሺኝ!»

«ኮምፒውተር ቴምር አይበላም!»

«ለዚህ ነዋ የጨከንሽው!»

ኢክራም ከዚያ በኋላ ብዙ ቤቶችን አጥንታለች። አንሶላውም ሆቴል ገብቷል፣ ክሊኒክ ገብቷል። እናቷ ሲደክሙ ቢሮውን ዘግታ ድሬዳዋ ተመለሰች፤ እዚያም የሠፈሯን ሱቆች እየዞረች «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» እያለች እንደምታደክማቸው በስልክ ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ሳስባት አሁን የምናገረው ቀን ላይ ነው የማያት።

የሐጂን ቤት ሰነድ ጽፈን የጨረስነው በጾሙ አጋማሽ ነው። ኢክራም ሰነድ አስረክባ አትሄድም ነበር። ሰነዱ የሚመለከታቸውን ሁሉ ሰብስባ፣ የፈረንሳይኛ ቃሉን ሁሉ በአማርኛ እየመለሰች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። «ሰው ባልሰማው ነገር ላይ መፈረም የለበትም» ትል ነበር። በሐጂ ቢሮ፣ ሐጂ ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ ነስረዲን ከጠረጴዛው ማዶ፣ ዋርሳማ በሩ ላይ፣ እኔ ጥግ ተቀምጠን እየሰማን ነበር። የአየር ማቀዝቀዣው ይጮኻል። አፋችን ደርቋል።

«ሕጉን ያሟላ ቦን ያለ ማንም ፈቃድ ይወጣል» ብላ አነበበች። ሐጂ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «ሕጉን ያላሟላ ቦን ሲኖር፣ ሐጂ ዑመር ጉዳዩን መርምረው፣ ተጠያቂነቱን በስማቸው ወስደው ሊያሳልፉት ይችላሉ።»

ነስረዲን እጁን አነሣ። «ይህቺ ትስተካከል። ሰነድ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። ሥራ አስኪያጁ ይባል።»

እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እኔም የጻፍሁት እንዲሁ ነበር፤ ትምህርቱም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ስሙን በእጇ ያስገባችው ኢክራም ናት።

«ሥራ አስኪያጁ ማነው?» አለችው።

«ዛሬ አባቴ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገ… እኔ ነኛ።»

«መጋረጃው ፊት ስትቆም ምን ነበር ያልከው?»

መልሱንም ራሷ ሰጠች።

«‘እኔ ነኝ’ አልክ። ሦስት ጊዜ አልክ። ሐጂ ግን በ‘እኔ ነኝ’ አልጀመረም። የኋላ በሯ እንዴት ነው የሚዘጋው አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው ነው የምፈልገው፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሰው ደግሞ አንድ ነው። ሌላ ስም አላውቅም።»

ነስረዲን አንገቱን ደፋ። ዋርሳማ ወደ ደጅ ማየት ጀመረ። እኔ ኢክራም በልጃቸው ፊት ለአባትየው እንደተሟገተችላቸው፣ ቦታቸውም እንደተጠበቀላቸው አስቤ ደስ ሊላቸው ይገባል ብዬ ሐጂን ተመለከትሁ። ሐጂ ግን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የራሳቸውን ጣቶች ያዩ ነበር።

«ስሜን አውጪው» አሉ።

ኢክራም ብዕሯን ያዘች፤ አልጻፈችም። «አውጪው ስትል?»

«የሞተ ሰው ስም በር አይከፍትም። እኔ ስሞት ሕጉን የማያሟላ ሰው ሁሉ ሊመለስ ነው? ‘ጉዳዩን መርምሮ በስሙ የሚጠየቅ’ ብለሽ ጻፊ። ማንነቱን ሥራው ይናገር።»

«ዛሬ ያ ሰው ማነው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ዛሬ እኔ ነኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነስሩ።»

«አቤት፣ አባ።»

«ወንበርህን ይዘህ ና። ከእንግዲህ እኔ ስጠይቅ አጠገቤ ነህ። የምጠይቀውን ስማ። የማልጠይቀውንም ስማ።»

«ቤት አትውልም ማለት ነው?» አለ ነስረዲን። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር።

«አንተ ብቻህን የጠየቅክ ቀን እውላለሁ። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት እዚህ ነኝ።»

ነስረዲን ተነሣ። ከባድ የእንጨት ወንበር ነው፤ ሊያነሣው ሞከረና አቅቶት መጎተት ጀመረ። እግሮቹ ሲሚንቶውን እየፋቁ፣ እየጮኹ፣ ጠረጴዛውን ዞረው ከአባቱ ወንበር ጎን እስኪደርሱ ኢክራም ጠበቀች። ከዚያ ቀና ሳትል የሚቀጥለውን አንቀጽ ማንበብ ጀመረች።